ሁለተኛ አፍንጫ

ከጣሪያው የአየር ማስገቢያ የእርጥብ ካልሲ ሽታ ሲወርድባት፣ ዋና አስተናጋጇ በአውሮፕላኑ ጅራት የተሰቀለውን የውስጥ ስልክ አነሳች። ከኮክፒት የመለሰላት ካፒቴን ባሏ ነበር። "ጭስ አይታይም፤ ግን እርጥብ ካልሲ የሚመስል የሞተር ዘይት ሽታ ገብቷል። ጉሮሮዬን እየከረከረኝ ነው" አለችው። "አንቺ ደግሞ የማይሸትሽ ነገር የለም!" ብሎ ሳቀ። ባለፈው ሳምንት "ኮትህ የሴት ሽቶ ይሸታል" ስትለውም እንዲሁ ነበር የሳቀው። "እስቲ ስልኩን ለልጅቷ ስጫት፤ እሷም አሽታ ትንገረኝ።"

ልጅቷ ማለት አጠገቧ የቆመችው አዲሷ አስተናጋጅ ነበረች፤ ባሏ እራት ላይ ሳይቀር "እንዴት ያለች ጎበዝ መሰለችሽ" የሚላት። ሃያ ዓመት ሙሉ ያገለገለ አፍንጫ ሳይታመን፣ የትናንቷ ልትመሰክርለት! ስልኩን ዘረጋችላት እንጂ ከእጇ አልለቀቀችውም። ልጅቷም ጎንበስ ብላ፣ ጉንጯን ከአለቃዋ ጉንጭ አጋጥማ መናገር ግድ ሆነባት።

ያን ጊዜ ከካልሲው ሽታ ሥር ሌላ ሽታ ከልጅቷ አንገት ብቅ አለ። የባሏ ኮት ላይ የነበረው ሽቶ ነበር።

"ካፒቴን፣ እውነታቸውን ነው፤ እኔንም እያዞረኝ ነው" አለች ልጅቷ። "ቶሎ የኦክስጅን ጭንብልዎን ያድርጉ። የባለቤትዎ አፍንጫ አይሳሳትም።"



"አውቃለሁ" አለ ባሏ።