የሻምፒዮኑ እጅ

«ታይሰን!» አለ ተክለ ጻድቅ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ። «ቴሌቪዥን በሌለበት ሰፈር እንኳ ኃይለኛ ውሻ ሁሉ ታይሰን ይባል ነበር። ከዚህ በላይ ዝና ከየት ይመጣል?»

ይህን ያለው ለልጁ ለዘካሪያስ ነው። ፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ለይርጉ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ከገና ወዲህ እንዲሁ ነው። በገና ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ፣ እጁን ሲዘረጋለት ይርጉ የራሱን እጅ ከካፖርቱ ኪስ ሳያወጣ በአንገቱ ብቻ ሰላም አለው። ያውም ሰው ሁሉ እያየ! የስንት ዓመት ወዳጅ እጁን ኪሱ ከትቶ ሰላም ሲልህ፣ ንቀት እንጂ ሌላ ምን ትለዋለህ? ከዚያ ወዲያ ይርጉ ሲደውልለት ተክለ ጻድቅ ስልኩን ማንሳት ተወ። ዛሬ ዘካሪያስ ሁለቱንም አሜሪካ፣ ሬንተን ከተማ ወዳለው የሐበሻ ምግብ ቤት ለምሳ ያመጣቸው የአንዱን መምጣት ለሌላው ሳይነግር ነው።

ይርጉ ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ሥር በጉልበቶቹ መሀል አጥብቆ ይዟል። ከኅዳር ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነግሮታል፤ ከሚስቱ ከየኔነሽ በቀር ግን የሚያውቅ የለም።

እነዚህ ሁለት ሰዎች አውሮፕላን ፋብሪካው ውስጥ ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ይርጉ ከክንፉ ውጭ ቆሞ ብረቱን የሚያያይዘውን ምስማር፣ ሪቬቱን፣ በአየር መዶሻ ሲመታ፣ ተክለ ጻድቅ ከውስጥ በኩል ብረት ደግፎ ይይዝለት ነበር። ክንፉ ስለሚጋርዳቸው አይተያዩም፤ የሚነጋገሩት በማንኳኳት ነው። ተክለ ጻድቅ አንድ ጊዜ ካንኳኳ ድገም፣ ሁለት ጊዜ ካንኳኳ አበጀህ ማለት ነው። ያን ጊዜ የይርጉ እጅ በሠራተኛው ሁሉ ዘንድ የተመሰገነ ነበር። እንዲህ ያለ እጅ የነበረው ሰው «እጄ ከዳኝ» ብሎ ለማን ይናገራል?

«ኦኬ አባዬ፣ የውሻው ይሁን» አለ ዘካሪያስ። «ግን የአሁኖቹ ቦክሰኞች ፎሎወራቸው በሚሊዮን ነው። አንድ ነገር ፖስት ሲያደርጉ ዓለም በደቂቃ ያየዋል። ሶ፣ ዝና ማለት ይሄ አይደለም? ጋሽ ይርጉ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ይርጉ ዝም ሊል አስቦ ነበር፤ በቦክስ ከመጡበት ግን አይችልም።

«ማየት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ» አለ። «ጆ ሉዊስ ያን ግዙፍ ጣሊያናዊ ካርኔራን ሲዘርረው፣ ጣሊያን እኛን ሊወር ጦሩን እየጫነ ነበር። የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ መንገድ ላይ ወጥቶ ጨፈረ። ፖስት ነበረ ያኔ? መሐመድ አሊ ክሌይ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ጥቅምት ስድሳ ሰባት፣ ደሴ ነን። ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ወር አልሞላም፤ አገሩ ይታመሳል። አባቴ ግን ሬዲዮኑን ታቅፎ ‹ክሌይ ፎርማንን ጣለው!› እያለ ሱቁ ደጅ ላይ ይጮሃል። ቦክስ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው!»

«ለሰውዬው ንገርልኝ» አለ ተክለ ጻድቅ ወደ ልጁ ዞሮ፣ «እኔም ክሌይን አልጠላሁም።»

ዘካሪያስ ሳቁን ዋጠ። አስተናጋጇ ሶሲ ጥብሱን በአንድ ትሪ አቅርባ «ብሉ እንጂ» ብላ ሄደች። አባትና ልጅ መቁረስ ጀመሩ። ይርጉ እጁን አላነሳም። «በልቼ ነው የመጣሁት» አለ።

ተክለ ጻድቅ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው። ፊቱ ጠቆረ።

«በቃ፣ ዘኪ። እጄን ተጠየፈ፤ አሁን ደግሞ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ መብላትም ተጠየፈ» ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«አባዬ፣ ቆይ! ስለ ክሌይ ይቺን ቪዲዮ ብቻ እይና ሂድ» አለ ዘካሪያስ ተደናግጦ። ሌላ ማቆያ ዘዴ አልመጣለትም። ስልኩ ላይ ፈልጎ መሀል ላይ አስቀመጠው።

አትላንታ፣ የኦሊምፒኩ መክፈቻ። ያ መልከ መልካም ሻምፒዮን ነጭ ለብሶ ችቦውን በቀኙ ይዟል፤ ግራ ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ስታዲየሙ ይጮሃል።

ተክለ ጻድቅ ከወንበሩ እንደ ተነሣ ቀረ።

«ቀበቶውን ሦስቴ ሲወስድ አላለቀስኩም» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ያን ቀን ግን አለቀስኩ። ዓለም ሁሉ እያየው እጁን አልደበቀም። ጀግና!»

ይርጉ ጉልበቶቹን አላላ። እጁን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ውኃ የሞላው ብርጭቆ አብሮ ተንቀጠቀጠ።

ተክለ ጻድቅ እጁን አየ፤ ከዚያ ፊቱን አየ። ከገና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ለይርጉ ተናገረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከኅዳር።»

«እና በገና…»

«ኪሴ ውስጥ እንዲህ ሲያደርገኝ ነበር። ሰው ፊት አፈርኩ፣ ተክሌ።»

ተክለ ጻድቅ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «እኔን አፍረህ?» አለ።

ይርጉ እንጀራ ቆረሰ። ጥብሱን እንደ ምንም ጠቀለለና እጁን በትሪው ላይ አሻገረው። ተክለ ጻድቅ አፉን ከፈተ። ጉርሻው ከከንፈሩ ጫፍ አምልጦ ነጭ ሸሚዙ ላይ ተበተነ።

ዘካሪያስ ናፕኪን ሊያነሳ ሲል አባቱ በክንዱ አገደው።

«አንድማ ያጣላል» አለ ተክለ ጻድቅ፣ ጠረጴዛውንም አንድ ጊዜ አንኳኳ።

ይርጉ እንደገና ጠቀለለ። እጁ ወደ ግራ ሲል ተክለ ጻድቅ አፉን ከፍቶ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ ተከተለው፤ እስኪያገኘው ድረስ። ጉንጩ እንደ ሞላ፣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ፣ ጠረጴዛውን በጣቱ ሁለት ጊዜ አንኳኳ።