የአሥሩ ሳህን ፈተና

በ1952 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ወባ ለመከላከል የመጡ ሠራተኞች በቆቦ አቅራቢያ ከሮቢት በታች ባለው ረግረግ ዳር ድንኳን ተከሉ። ኃላፊያቸው አቶ ጌታሁን በቅርቡ ከአዲስ አበባ የተዛወረ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ትሁት ሰው ነበር። ከረግረጉ የትንኝ ትል እየቀዳ የሚለይ አንድ የአገር ሰው እንደሚቀጥር በገበያ አስነገረ።

ለፈተናው ሁለት ሰው ቀረበ። አንዱ ይርጋ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ጽሕፈቱ የሚያምር የቆቦ ሰው። ሁለተኛዋ ራህመት ነች፤ ፊደል አልቆጠረችም። ማሽላዋ ረግረጉ ዳር ስለሆነ ወፍ ስትጠብቅ እዚያው ትውላለች። አምና መስከረም ወባ አንድ ልጇን ለጥቂት ነው የተወላት። ከዚያ ወዲህ ውኃውን ጎንበስ ብላ ስታይ መዋሏን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ይስቅባታልም።

ፈተናው አሥር ነጭ ሳህን ውኃ ነበር። በየሳህኑ ከገብስ ቅንጣት የማይበልጥ ትል ይዋኛል። የወባዋ ትንኝ የትኛዋ ናት? የሌላዋስ? ጭራሽ ትንኝ የማይሆነውስ?

ይርጋ በእስክሪብቶው እየጠቆመ ሞከረ፤ ከአሥሩ አራቱን አገኘ።

ራህመት ብዙም አልቆየችም። «ይቺ ውኃው ላይ ጋደም ብላለች፤ የወባ ናት። ይቺ አናቷን ዘቅዝቃ ተንጠልጥላለች፤ ከማሳከክ በቀር ምንም አታደርግ። ይሄ ደግሞ እነሱን የሚበላቸው ነው፤ አትድፉት።» እንዲህ እያለች እስከ መጨረሻው ሳህን ደረሰች።

ጌታሁን መልሱን የጻፈበትን ወረቀት እስከ አፍንጫው አስጠግቶ ከመልሷ ጋር አስተያየ።

«አሥር ከአሥር» አለ።

ይርጋ አልተዋጠለትም። የዚያኑ ቀን አጥቢያ ዳኛው አያ ታሂር ዘንድ ሄዶ ከሰሰ። ምስክርም ነበረው። በፈተናው ዋዜማ ራህመትና ጌታሁን ከድንኳኑ ደጃፍ ሳህኖቹ ላይ አጎንብሰው ሲያወሩ ጎረቤቷ አሚና ከማሽላ ማማዋ ላይ ሆና አይታለች።

በማግሥቱ ዳኛው ሁሉንም ከሾላው ሥር ሰበሰበ። ወሬ የሰማ መንገደኛም ቆሞ ያዳምጣል።

«አንቺ ልጅ፣ በዋዜማው እዚያ ነበርሽ?»

«ነበርኩ፣ አያ።»

«ምን ነገረሽ?»

«ወላሂ፣ እሱ የነገረኝ ነገር የለም። የቀረውን እሱን ጠይቁት።»

ሰው ሳቀ። ይርጋም አብሮ ሳቀ፤ ከመጀመሪያው ደመወዝ የሚገዛውን ኮት እንኳ በልቡ መርጦ ጨርሷል።

ዳኛው ወደ ጌታሁን ዞረ። የመንግሥት ሰው ስለሆነ ድምፁን ለስለስ አደረገ።

«አቶ ጌታሁን፣ ስለ ትሎቹ አውርታችኋል?»

«አውርተናል።»

«ስለ አሥሩም?»

«ስለ አሥሩም፤ አንድ በአንድ።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ራህመት ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

«እንግዲህ ነገሩ አለቀ» አለ ዳኛው። «ከፈተና በፊት መልስ መንገር ነውር ነው። የተማሩ ሰው ሆነው እንዴት ይነግሯታል?»

ጌታሁን የመልሱን ወረቀት ከኪሱ አወጣ።

«እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት የነገረችኝ» አለ።