የኋላው ወንበር

ቢተው ከፒክ አፑ የዕቃ መጫኛ ካሶኒ ላይ በጀርባው ተጋድሞ እግሩን ሊዘረጋ ቢሞክር ጫማው ከካሶኒው መዝጊያ ብረት ጋር ተላተመ። በሰያፍ ሞከረው፤ አሁንም አልበቃውም። ጉልበቱን አጥፎ ሰማዩን እያየ ትንሽ ቆየ። ለስድሳ ዓመት ሰው የሚያምር አተኛኘት አልነበረም።

መኪና ሻጩ ሙዓዊያ ቆሞ ያየዋል። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ በደምበጫ መንገድ ዳር ባለው ግቢው ያገለገሉ መኪኖች ሲሸጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ጎማ የሚረግጥ፣ ሞተር የሚያዳምጥ፣ ከሥር ገብቶ ዘይት የሚፈልግ ገዢ አይቷል። የሚተኛበት ግን አላጋጠመውም። ምን ሊጭንበት እንደሆነ ሲጠይቀው ቢተው "ራሴን" ብሎታል። የጮቄን ተራራ በእግሩ እየዞረ ሲመሽ ሊያድርበት መሆኑን ሲሰማ ሙዓዊያ ዓይኑን በትሕትና ወደ ጎማው አዞረ። የመሸበት ሰው ደጃፍ ቆሞ "የእግዜር እንግዳ ነኝ" ካለ የሚያሳድረው በማያጣበት አገር፣ ሜዳ ላይ ለማደር ብሎ መኪና መግዛት ጤና ነው ለማለት ይቸግራል።

"መምህር፣ ለብቻዎ ከሆነ ያኛውን ይውሰዱ" አለው ወደ ጎን እያመለከተ።

ያኛው ባለ አንድ ጋቢና ነው። ከፊት ሹፌሩንና አንድ ሰው ይይዛል፤ ካሶኒው ግን ረጅም ነው፣ እንደ ልብ ያስተኛል። ይኼኛው ባለ ሁለት ጋቢና ሆኖ ከኋላ ለሦስት ሰው ወንበር አለው፤ በዚያው ልክ ካሶኒው አጥሯል።

"የኋላው ወንበር ምን ያደርግልዎታል?"

ጥያቄው ልክ ነበር። ቢተውን ያስከፋውም ልክ መሆኑ ነው።

ባለ ሁለት ጋቢና ይሻላል ባዩ ጓደኛው የሺዋስ ነበር። ሁለቱ በአንድ ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አስተማሩ፤ አንዱ ጂኦግራፊ፣ አንዱ ባዮሎጂ። ጡረታ ስንወጣ በጋራ ፒክ አፕ ገዝተን ጮቄን እንዞራለን ይባባሉ ነበር። ቢተው ረጅም ካሶኒ ካልሆነ ሲል፣ የሺዋስ "መንገድ ላይ ሰው ብናገኝ የት ልናስቀምጠው ነው?" እያለ ይሞግተዋል። ሙግቱን አሁን ቢተው ረትቷል፤ ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም።

የሺዋስ ሊታከም ልጆቹ ወዳሉበት ሐዋሳ ሄዶ እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ቢተው የሰማው አርባው ካለፈ በኋላ በስልክ ነው። ማለዳ በሩን አንኳኩቶ ያረዳው የለም። ለጓደኛ ብሎ ድንኳን የሚጥል እድርም የለም። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ለብቻው አልቅሶ፣ ፊቱን ታጥቦ ወጣ። ሐዘን ላይ መሆኑን ማንም ስላላወቀ ማንም አይዞህ አላለውም።

ቢተው ከካሶኒው ወርዶ፣ ከመወሰኑ በፊት ሸራውንም ልሞክረው አለ። ከቤት ይዞት የመጣውን ሸራ ከባለ ሁለት ጋቢናው ጣሪያ ላይ አስሮ፣ ሌላውን ጫፍ ሙዓዊያ ባመጣቸው ሁለት እንጨቶች ላይ ወጠረው። ሙዓዊያ አግዳሚ ወንበር አምጥቶ ከሥሩ አኖረለት። ቢተው ተቀመጠ። ጥላው ጥሩ ነበር። ወንበሩ ግን ለአንድ ሰው በጣም ረጅም ነው። አንገቱን ደፋ። ሙዓዊያም እጁን አጣምሮ አጠገቡ ቆመ።

ቅዳሜ ስለነበር ገበያተኛው በተከፈተው የግቢ በር ፊት እያለፈ ወደየቤቱ ይመለሳል። አንዲት አሮጊት ቆም አሉ። የተወጠረውን ሸራ፣ አንገቱን የደፋውን ሰው፣ እጁን አጣምሮ የቆመውን አዩ። ዘንቢላቸውን ከበሩ ሥር አስቀመጡና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከቢተው ጎን ተቀመጡ። ሁለት ሴቶች ተከተሏቸው። ከዚያም ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ገቡ።

"እግዜር ያጥናችሁ" አሉ አሮጊቷ ዝግ ብለው።

ሙዓዊያ ደነገጠ። "እናቴ፣ ይኼ እኮ..." ብሎ ሲጀምር ቢተው ቀና ብሎ አየው። ሙዓዊያ የቀረውን ዋጠው።

"ማን ነው የሞተው?" አሉ አሮጊቷ።

"የሺዋስ ይባላል።" ስሙን ጮክ ብሎ ከጠራው ስንት ጊዜው።

"ምንዎ ነበር?"

ቢተው አመነታ። እውነቱን ቢናገር ይነሡና ይሄዱ እንደሆነ ፈራ።

"ጓደኛዬ" አለ።

አሮጊቷ አልተነሡም። ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ስንት ዘመን አብረው እንደኖሩ ጠየቁት። "ሃያ ሁለት ዓመት" አለ። ጋሻ በሚያህለው እጁ ፊቱን ሸፍኖ፣ በማያውቃቸው ሰዎች መካከል፣ እንደ ሰው ወጉ አለቀሰ። ሴቶቹም አብረውት አለቀሱ፤ ለየትኛው ሟቻቸው እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

አግዳሚው ሞልቶ ሽማግሌው እንደቆሙ ቀሩ። ሙዓዊያ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተና የወንበሩን አቧራ በመዳፉ ጠራረገ።

"አባቴ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ።"

ሽማግሌው በትራቸውን ከጉልበታቸው መካከል አድርገው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ወደ ውስጥ ጠጋ አሉና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። በግቢው በር ገና ሰው ይገባ ነበር።