የይሁኔ ሰውዬ ቢገጥም

ጸደንያ በጠዋት ተነሥታ ደጇን ጠርጋለች፤ የሸዋሮቢት ፀሐይ ሳትበረታ ልብስ አጥባ አስጥታለች። አሁን እጇን አድርቃ እንደ ወትሮዋ የባሏን ላፕቶፕ ትከፍታለች። ይሁኔ በጨዋታው ውስጥ አራት ዓመት ያሳደገው ጀግና ትቶት የሄደበት ቦታ ላይ ቆሞ ይተነፍሳል። አትነካውም። ባሏ እንዳስቀመጠው እንዲቆይላት ብቻ ነው የምትፈልገው። አይታው ልትዘጋ ስትል በሩ ይንኳኳል።

ንጉሤና ሐምዛ ናቸው፤ የይሁኔ የመሥሪያ ቤት ጓደኞች። ይሁኔ የተሳፈረበት መኪና ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ገደል ገብቶ እሱ ከሞተ አራት ወሩ ነው፤ እነሱ አንድም እሁድ ቀርተው አያውቁም። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ሊያጽናና የመጣም ሰው አይከለከልም። ወንበር ታቀርባለች፤ ያመጡትን ማንጎ አጥባ ታስቀምጣለች።

«ውይ፣ የይሁኔ ሰውዬ አለ እንዴ!» ይላል ንጉሤ ጀግናውን አይቶ። ጸደንያ ክዳኑን ልትመልስ እጇን ስትሰድ፣ እሱ ወንበሩን ስቦ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጧል። «ይሄንና እኔ ቤት የማጫውተውን አንድ ለአንድ ብናጋጥማቸው ማን ያሸንፋል?»

«ያንተው የሌላ ጨዋታ ነው። የት ይገናኛሉ?» ይላል ሐምዛ።

«በሐሳብ ነዋ! በሐሳብ ደግሞ ቦታ ይጠባል? የኔው ጎራዴ አለው። ይሄኛው ምን አለው? ሽንኩርት!»

እውነቱን ነው። ሌላው ተጫዋች ጀግናውን ለማጠንከር ለክንድና ለጋሻ የሚያውለውን ነጥብ ይሁኔ በሙሉ ለሸክም አውሎታል። ጀግናው ያገኘውን ሁሉ ተሸክሟል፦ ሽንኩርት፣ ድስት፣ የተሰበረ ፋኖስ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ደብዳቤ። «ይጣላል እንዴ? አንድ ቀን የሚፈልገው ይመጣል» ይል ነበር ይሁኔ። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ትስቅበት ነበር።

«ሽንኩርቱን ዓይኑ ላይ ቢጨምቅበትስ?» ይላል ሐምዛ።

«ልጦ እስኪጨርስ የኔው አንገቱን ቆርጦ ያንከባልለዋል! ደሙ ፊው!»

ንጉሤ የማንጎውን ፍሬ ይግጣል። ቢጫው ጭማቂ ከአገጩ ወደ ክንዱ ይወርዳል። ጥርሱ መሀል የገባውን ክር በጥፍሩ ያወጣል፤ ያየዋል፤ በዚያው ጣት ቁልፎቹን ይነካል።  ይሁኔ እጁን ሳይታጠብ እዚያ ላይ አያሳርፍም ነበር።

«ውሃ ላምጣ፣ ታጠቡ።»

«ተይው ጸዲዬ፣ አትድከሚ። ኧረ እንዲያውም ጎራዴ ምን ያደርጋል? የኔው አንዴ በእርግጫ ቢለው ከነሸክሙ ገደል ነው የሚገባው!»

  ሐምዛ «አስተግፊሩላህ» ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። ንጉሤ እስከ ጆሮው ድረስ ይቀላል።

«ምንም አይደል» ትላለች ጸደንያ። ከቃሉ ይልቅ አሁን ሁለቱም ቀና ብለው እሷን የሚያዩበት እርጥብ ዓይን ይቀፋታል። «ምንም አይደል» ያለው የገዛ ድምፅዋም ያስጠላታል። ጆጉን አንሥታ ወደ ጓሮ ትወጣለች። በርሜሉ አጠገብ ፊቷን ደጋግማ ትታጠባለች፤ ጆጉን ትሞላለች።

ስትመለስ የንጉሤ ፊት በርቷል። «ነይ እዪ ጸዲዬ! አሁን የሚችለው የለም!»

ጀግናው ብረት ለብሷል፤ ከቁመቱ የሚረዝም ጎራዴ ይዟል።

«ነጥቡን በሙሉ ከሸክም ወደ ክንድ አዞርኩለት። ኮተቱን እዚያው ጨዋታው ውስጥ ላለው ነጋዴ ሸጬ ይሄን ገዛሁለት። የኔውን በአንድ ምት ይጥለዋል። በቃ፣ ይሁኔ አሸንፏል!»

«አሸንፏል» ይላል ሐምዛም ቀስ ብሎ።

«ይመለሳል?»

«ምኑ?»

«ዕቃው።»

«አይ፣ ጨዋታው እኮ በራሱ ነው የሚመዘግበው። የተሸጠ ተሸጠ። ምን ያደርግልሻል?»

ሊክሳት ብሎ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ ትቆጣው ነበር። ሳህን ከሥር ይዛ ታስታጥበዋለች። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያሻል፤ ቢጫ ክሮች ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። ፊቷን ታዞራለች።

«እግዜር ያጽናሽ» ይላል ንጉሤ ሲነሣ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ይላል ሐምዛ።

እስከ በር ትሸኛቸዋለች። ተመልሳ ቁልፎቹን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፤ ደጋግማ፤ የተጣበቀው ጭማቂ ቶሎ አይለቅም። ከዚያ ቀና ትላለች። ጀግናው ከክብደቱ የተነሣ ሁልጊዜ ጎበጥ ይል ነበር። አሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይሁኔ ካሸከመው አንድም ዕቃ ጀርባው ላይ የለም።