የሶስና ተራ

ባልና ሚስቱ ከኮንዶሚኒየሙ ወጥተው አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ሊከራዩ ሲሄዱ፣ አከራይዋ ሴትዮ ገና በሩን ሳይከፍቱ "ልጅ ስንት አላችሁ?" አሉ። በዚሁ ጥያቄ አምስት ቤት ተከልክለዋል።

"አንዲት ሴት ልጅ ብቻ፤ ሶስና ትባላለች" አለች እናትየው፣ ባሏን ሳታይ።

ሶስናና ፌቨን የአራት ዓመት መንትዮች ናቸው፤ ከእናታቸው በቀር የሚለያቸው የለም። ሶፋውንና ቁም ሳጥኑን ሸጠው፣ አልጋውን ይዘው ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዷ ቢጫ ሹራብ ለብሳ ግቢ ስትጫወት ሌላዋ አልጋ ስር ትተኛለች። ከምሳ በኋላ ሹራቡን ይቀያየራሉ።

"ውጪ የወጣች ሁሉ ሶስና ናት፤ እሺ?" ብላ አስጠናቻቸው።

"ልጅሽ እንዴት ያለች ጨዋ ናት!" ይሏታል አከራይዋ።

ዓመት ሳይሞላ ልጅ የማይቆጥር አከራይ ተገኘና ለቀው ወጡ። በማግስቱ ሁለቱንም በግራና በቀኝ ይዛ መዋዕለ ሕፃናት ልታስመዘግብ ሄደች።

"ስምሽ ማን ነው፣ የኔ ቆንጆ?" አለች መምህርቷ።

"ሶስና።"

"አንቺስ?"

"ሶስና።"

መምህርቷ ሳቀችና ቅጹን አየች። "ታዲያ ፌቨን ማናት?"

ልጆቹ ተያዩ።

"ፌቨን አልጋ ስር ናት" አሉ፣ ሁለቱም።