የእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ቅቤ

«ብላ እንጂ! ምን ታፈጥበታለህ?» አለችው እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ።

ፍቅረ ማርያም ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። የገብስ ገንፎው መሃል ጎድጉዶ፣ በርበሬ የነካው ቅቤ ጢም ብሎበታል። እንፋሎቱ ገና ፊቱን ሲነካው አፉ ምራቅ ሞላ፤ ሆድ ምን ያውቃል! እናታቸው የሞተችው እሱ ጥርሱን ሳይነቅል ነበርና ያሳደገችው ይህችው ታላቅ እህቱ ናት። አንኮበር ላይ ውርጭ በወረደ ጠዋት ሁሉ ይህንኑ ገንፎ እፍ እፍ እያለች አጉርሳዋለች። ጡረታ ወጥቶም እንኳ ያ እፍ ማለቷ ይናፍቀዋል።

«ደብረ ብርሃን ገብተህ እጄን ተጸየፍከው?»

«ኧረ እትዬ፣ በስመ አብ! ሐኪም ከልክሎኝ ነው። ደምህ ውስጥ ኮሌስትሮል በዝቷል፣ ስብ ነው አሉኝ። ቅቤና ጮማ ተው፣ በእግርህ ሂድ አሉኝ። ዛሬስ መኪናው ካወረደኝ ከጎረቤላ እዚህ ድረስ በእግሬ የመጣሁት ለምን ይመስልሻል?»

«እኔማ መኪና አጥተህ መስሎኝ አዝኜልህ ነበር!» ጎኑን በጣቷ ወጋ አደረገችው። «ደግሞ ስብ? ሥጋ ለአመል የሌለህ ሰውዬ! ሞኝህን ፈልግ። አባታችን ቅቤ እየጠጣ ዘጠና አልዘለቀም?»

«አባባ ሲያርስ፣ ቆላ ወርዶ ደጋ ሲወጣ ነው የኖረው። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ፋብሪካ ወንበር ላይ ነው።»

አልሰማችውም። ማንኪያውን ከእጁ ወስዳ ከነቅቤው ዛቀችና አፉ ድረስ አመጣችው። የታላቅ እህትን ጉርሻ መመለስ ነውር ነው። አፉን ሊከፍት ምንም አልቀረው።

«እትዬ» አለ፣ «ይርጋለምን የወሰደብን እኮ ይኸው ነው።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። ይርጋለም መካከለኛ ወንድማቸው ነበር፤ ባለፈው ዓመት በጥምቀት ማግስት፣ ደህና ውሎ፣ ልቡን ይዞ እንደወደቀ አልተነሣም።

ገንፎውን ከፊቱ አነሣችው። ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ጓዳ ገባች። ቅቤውን ለእሱ መምጫ ስትል ከአንዲት ላሟ ጥቂት በጥቂት እንዳጠራቀመችው አላጣውም። ምነው አፌን በቆረጠው አለ በልቡ።

ስትመለስ ለጋ ቅቤ የሞላ ቅል ይዛለች።

«ቆብህን አውልቅ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«አትብላ አሉህ እንጂ አትቀባ አሉህ? የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ። ነገ ተልባ እወቅጥልሃለሁ፤ እንደ ጾም ቀን ገንፎህን በተልባ ትበላለህ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ዳገቱን አብረን እንወጣለን።»

ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ አስቀመጠችው። መዳፏ ሻክሯል፤ ግን ያው መዳፍ ነው። ልጅ ሳለ በየበዓሉ ዋዜማ በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ ስትቀባው ያመልጣት ነበር። አሁን የት ሊሄድ!

«ወይ ጉድ፣ ያ ሁሉ ጎፈሬ የት ገባ?»

«እሱንም ሐኪም ከለከለኝ» አለ። ተሳሳቁ። የእሱ ሳቅ እንባ ነበረበት፤ እንዲህ የነካው ሰው ከልጅነቱ ወዲህ የለም።

ቅቤው ቀልጦ በግንባሩ ወረደ፤ በአፍንጫው ጎን አልፎ ከንፈሩ ላይ ደረሰ።

«እንዳትልስ!» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ቶሎ ጠረገችለት።