አራተኛው ትራንዚስተር

ደበሳ መቱ ላይ የጥገና ሱቅ ከከፈተ ገና ሦስት ወሩ ነው። ከያዮ ሲወጣ አባቱ፣ «ካልሆነልህ የንብ ቀፎው አለልህ» ብለውት ነበር። እሱ ደግሞ ቀፎ መስቀል አይወድም፤ ዛፍ ላይ ሲወጣ ራሱን ያዞረዋል።

አሁን ሱቁን ሊያዘጋው የደረሰው የመምህርት ተጂቱ አምፕሊፋየር ነው። ቅዳሜ ትራንዚስተሩን ይቀይርላታል፤ በሳምንቱ ተቃጥሎ ይመለሳል። መቱ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። «ደበሳ የነካው ዕቃ አይበረክትም» ከተባለ አለቀለት።

ተጠንቅቆ እንደሚሠራ እንድታምነው፣ አጠገቡ አስቀምጧት እያሳያት ነው የሚፈትሸው። የመልቲሜትሩን ቀይ ጫፍ ቤዝ በሚባለው እግር ላይ ያሳርፋል፤ በጥቁሩ ሌሎቹን ሁለት እግሮች በየተራ ይነካል። ዜሮ ነጥብ ስድስት አካባቢ ካነበበ፣ ጫፎቹ ሲገለበጡ ደግሞ ምንም ካላነበበ፣ ትራንዚስተሩ ደህና ነው። የተቃጠለው ግን በየትም በኩል ቢለካ ዜሮ ይላል።

ተጂቱ አገጯን በእጇ ደግፋ ትሰማዋለች። አልገባኝም፣ ድገምልኝ ትለዋለች፤ ይደግምላታል። አንድ ቅዳሜ ቁጥሩ አልረጋ ብሎ ሲያበሳጨው፣ የመልቲሜትሩ ባትሪ ደክሞ እንዳይሆን አለችው። እውነትም ደክሞ ነበር። ለጀማሪ መቼም ጎበዝ ናት ብሎ አደነቃት።

በአራተኛው ቅዳሜ ክዳኑን ሲከፍት መጀመሪያ ዓይኑን የሳበው ብየዳው ነው። ጥርት ያለ፣ አንዱ ከአንዱ የማይበልጥ ብየዳ። ባለፈው ቅዳሜ ሲዘጋው እንዲህ ያማረ አልመሰለውም ነበር። እጄ እየተፍታታ ነው ብሎ ለአፍታ ደስ አለው። ትራንዚስተሩን ሲለካው ግን ዜሮ።

አፈረ። «ቲቸር፣ ጥፋቱ የቤትሽ መብራት ነው» አላት። «እሱን ሳላይ ሌላ አልቀይርም።»

«ቶሌ» አለች። «ነገ ለምሳ ና፣ ታየዋለህ።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መልቲሜትሩን ይዞ ሄደ። ሶኬቱን ለካው። ሁለት መቶ ሃያ፤ ንቅንቅ የለም። ሌላውንም ሶኬት ለካ፤ ያው ነው። መብራቱ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የራሱ ነው ማለት ነው፤ የያዮ ዛፍ ከነቀፎው ታየው።

ተጂቱ ምሳ ልታቀርብ ወደ ጓዳ ገባች። እሱ አሁንም ጎንበስ ብሎ ሶኬት ሲለካ፣ እናቷ እትዬ ተስፋነሽ አንዴ እሱን፣ አንዴ ጓዳውን ሲያዩ ቆይተው ወንበር አቀረቡለት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት፤

«ልጄ፣ የኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ ቤት መጥተህ የምትጠግነው ምንድነው?»